«አለ ወይስ የለም?» ከተባለ በኋላ

በጥር 2013 አሪኤል ሻሮንን ወደ ቤርሼባው የሶሮካ የሕክምና ማዕከል ወሰዷቸው። የቀድሞው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር በጥር 2006 ከባድ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ቃል አልተለዋወጡም። ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው የቤተሰባቸውን ፎቶግራፍ አሳዩአቸው፤ የልጃቸውን ድምፅ አሰሟቸው። ፎቶውንም ድምፁንም የሚቀበሉት የአንጎል ክፍሎች በየተራ ሲሠሩ ታየ። ከዚያ አንድን ነገር በሐሳባቸው እንዲስሉ ሲታዘዙ የተገኘው ምልክት ግን ደካማ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰውየው ያውቃሉ ብለው አልማሉም፤ አያውቁም ብለውም አልደመደሙም። ሻሮን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014 ሞቱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንጎሉ ተጎድቶ ምላሽ በማይሰጥ ሰው ውስጥ የተሰወረ ንቃተ ኅሊና መፈለግ ዛሬ ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆኗል፤ የሥነ ምግባር ክርክሩም አብሮት አድጓል። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው መተንፈሻ መሣሪያው ይነቀል፣ የምግብ ቱቦው ይውጣ ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ እንደርስበታለን። እኔን ግን እነዚህን ጥናቶች ሳነብ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ተራ ጉዳይ ነው። አልጋው ላይ ያለው ሰው ሊሰማ የሚችል ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ገላውን የምታጥበው ነርስ ምን ትለዋለች? ሲያመው በምን እናውቃለን? ራስጌው ቆሞ ስለ መሞቱ የሚያወራውንስ ማን ዝም ያሰኘዋል?

መነሻውን ባጭሩ እንይ። አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ኮማ ውስጥ ይገባል፤ ዓይኑ ተከድኖ፣ ቢጠሩትም ቢቆነጥጡትም አይነቃም። ኮማ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም፤ ወይ ሞት ይከተላል፣ ወይ ዓይን ይገለጣል። ጭንቁ የሚጀምረው ዓይኑ ሲገለጥ ነው። ሌሊት ይተኛል፣ ቀን ይነቃል፣ ያዛጋል፣ አንዳንዴም ፊቱ ይጨማደዳል፤ ለጥሪ ግን መልስ የለውም። የግላስጎው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ብራያን ጄኔትና አሜሪካዊው ፍሬድ ፕለም ይህን ሁኔታ ከኮማ ለይተው በ1972 ገለጹት፤ እኔ እዚህ ምላሽ አልባ ንቃት እለዋለሁ። በ2002 ደግሞ ጆሴፍ ጂያቺኖና ባልደረቦቹ አነስተኛ ንቃት የሚባለውን ክፍል ጨመሩ፦ አንዴ በዓይኑ የሚከተል፣ አንዴ ትእዛዝ የሚፈጽም፣ ወዲያው ደግሞ የሚጠፋ ሰው።

እነዚህን ሁለቱን መለየት እጅግ ያስቸግራል። በቤልጅግ የተሠራና በ2009 የታተመ ጥናት ሐኪሞቻቸው ተስማምተው ምላሽ አልባ ያሏቸውን 44 በሽተኞች በተሻሻለው የኮማ ማገገሚያ መለኪያ እንደገና ፈተሸ፤ 18ቱ፣ ማለትም 41 በመቶው፣ የንቃት ምልክት ነበራቸው። ይህ የተገኘው ያለ ምንም ውድ መሣሪያ፣ በደንብ በማየት ብቻ ነው። የዚያው አገር ተመራማሪዎች በ2017 እንዳሳዩት ደግሞ አንድ ጊዜ ፈትሾ መተው ከሦስቱ በሽተኞች አንዱን ያህል ያሳስታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አምስት ጊዜ መፈተሽ ያስፈልጋል። ንቃት ይመጣል ይሄዳል፤ ጠዋት የነበረው ከሰዓት የለም። ሐኪሙ ጉብኝት የሚያደርገው ግን በራሱ ሰዓት ነው።

በ2006 የካምብሪጁ ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው ነገሩን ሁሉ የለወጠው። የ23 ዓመት ወጣት ናት፤ በመኪና አደጋ ከተጎዳች አምስት ወር ሆኗታል፤ በአልጋ ዳር ምርመራ ሁሉ ምላሽ አልባ ናት። ኤምአርአይ ውስጥ «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» አሏት፤ እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎል ክፍል ሠራ። «ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል ስትዘዋወሪ አስቢ» አሏት፤ ቦታን የሚያስታውሰው ክፍል ሠራ። ከጤነኞች አንጎል የሚለይ ነገር አልታየበትም። «ቴኒስ» የሚለው ቃል በራሱ፣ ያለ ፈቃዷ የቀሰቀሰው ቢሆንስ ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። መልሱ ጠንካራ ነበር፦ ምልክቱ «አሁን ዕረፊ» እስክትባል ድረስ ለ30 ሰከንድ ይቆያል፤ ቃል ብቻ የሚቀሰቅሰው ነገር እንዲያ አይቆይም።

በ2010 ያው ቡድን ከቤልጅጉ የሊዬዥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ 54 በሽተኞችን ፈተነ፤ አምስቱ በትእዛዝ አንጎላቸውን ማሠራት ቻሉ። ከአንዱ ጋር አንድ እርምጃ ራቁ፦ ቴኒስ ማለት «አዎ»፣ ቤት ማለት «አይደለም» እንዲሆን ተስማምተው ስለ ራሱ ሕይወት ስድስት ጥያቄ ጠየቁት። አምስቱን በትክክል መለሰ፤ ለስድስተኛው ምንም ምልክት አልታየም። ኦወን ወደ ካናዳ ከሄደ በኋላ በ2012 ከአሥር ዓመት በላይ ምላሽ አልባ ነው ተብሎ ለኖረ ሰው «ያምሃል?» የሚል ጥያቄ አቀረበ፤ መልሱ «አይ» ሆነ። በዚህ መስክ ከተጠየቁት ሁሉ ይህን ጥያቄ አስበልጣለሁ። የአባትን ስም መጠየቅ ለሳይንሱ ይጠቅማል፤ ሕመምን መጠየቅ ለሰውየው።

ጉጉት ግን ያሳስታል። በ2009 ከወደ ቤልጅግ አንድ ዜና ዓለምን አዳረሰ፦ ለ23 ዓመት ራሱን እንደሳተ የታሰበ ሰው በአጋዥ እርዳታ በኮምፒውተር እየጻፈ ስለ መከራው ተናገረ ተባለ። አጋዧ ጣቱን ይዛ ፊደሉን ታስነካዋለች። በኋላ አጋዧ በሌለችበት ለሰውየው ዕቃ አሳይተው፣ ተመልሳ ስትገባ ምን እንዳየ እንዲጽፍ ሲጠየቅ አልቻለም፤ ይጽፍ የነበረው የእርሷ እጅ ነበር። አስገራሚው፣ ሰውየው ከታሰበው የበለጠ ንቃት እንዳለው በሌላ ምርመራ መታወቁ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ድርብ ነው፤ በእርግጥ ውስጡ ሰው ያለበትን አካል ሌላ ሰው ተናገረበት። በአሜሪካ ምላሽ አልባ በነበረችው በቴሪ ሻይቮ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሹ ታይቷል። ዓይኗ ሲከተል ታየ የተባለባቸው ቪዲዮዎች ሚሊዮኖችን አሳመኑ፤ በ2005 ከሞተች በኋላ ሲመረመር አንጎሏ 615 ግራም፣ ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ማየትም አትችልም ነበር። የቤተሰብ ዓይን ሐኪም የማያየውን ያያል፤ የሌለውንም ያያል።

እስካሁን ትልቁ ጥናት በ2024 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣው ነው። በስድስት ማዕከላት 353 ሰዎች በኤምአርአይ፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለካው በኢኢጂ ወይም በሁለቱም ተፈተኑ። በአካል ለትእዛዝ ምላሽ ከማይሰጡት 241 ውስጥ 60ው፣ ከአራቱ አንዱ፣ በአንጎላቸው ትእዛዙን ፈጸሙ። ጋዜጦች ይህን ይዘው ሮጡ። ለእኔ ግን ከባዱ ቁጥር ሌላኛው ነው። 112ቱ እጃቸውን አንሡ ሲባሉ የሚያነሡ፣ መንቃታቸው የማያጠራጥር ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ በመሣሪያው የተያዙት 43 ብቻ ናቸው። ዓይናችን እያየ ትእዛዝ ከሚፈጽሙት ውስጥ 62 በመቶውን መሣሪያው «የለም» አለ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የሥነ ምግባሩን ሚዛን ያዛባዋል። ምርመራው ሲያገኝ ብዙ ይነግረናል፤ ሳያገኝ ምንም አይነግረንም። ድካም ሊሆን ይችላል፤ ማደንዘዣ መድኃኒት፣ የመስማት ችግር፣ ቋንቋን የሚጎዳ የአንጎል ቁስል፣ ወይም የተሰጠውን ትእዛዝ ለ30 ሰከንድ ይዞ ለማቆየት አቅም ማጣት ሊሆን ይችላል። የትንተናው ስልት ራሱም ያከራክራል፦ በ2011 በኢኢጂ ከ16 ምላሽ አልባ በሽተኞች ሦስቱ ነቅተዋል የሚል ጥናት ወጥቶ፣ በ2013 ሌሎች መረጃውን እንደገና ሲሠሩት ስሌቱ አልጸናም ብለዋል። ሆኖም ቤተሰብና ሐኪም ተጨንቀው በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ «ምርመራው ምንም አላገኘም» የሚለው ወሬ «ምንም የለም» ወደሚለው ለመዞር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ምርመራው በየሆስፒታሉ ይግባ ብለው የሚወተውቱ ባለሙያዎች ይህን አደጋ አቅልለውታል ባይ ነኝ። ለተገኘባቸው አንድ በር ሲከፈት፣ ላልተገኘባቸው ሌላ በር እንዳይዘጋ የሚከለክል ደንብ አብሮ ካልመጣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

ጊዜውም ፋታ አይሰጥም። በስድስት የካናዳ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት የተሠራና በ2011 የታተመ ጥናት፣ በከባድ የጭንቅላት ጉዳት ከሞቱት 228 ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ የሞቱት ሕይወት አድን ሕክምናው እንዲቆም ከተወሰነ በኋላ መሆኑን አሳየ፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ። «አይድንም» ተብሎ መሣሪያው ይነቀላል፤ ስለተነቀለ ይሞታል፤ ስለሞተም ትንበያው ልክ ነበር ተብሎ ለቀጣዩ በሽተኛ ማስረጃ ይሆናል። በ2019 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ያን ክላሰን ቡድን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ያሉ 104 ሰዎችን ገና በማለዳው በኢኢጂ ፈተነ። «ቀኝ እጅህን ጨብጥ፣ ዘርጋ» ሲባሉ እጃቸው ባይንቀሳቀስም 16ቱ ላይ አንጎላቸው ትእዛዙን መቀበሉ ታየ። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ 44 በመቶው በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ራሳቸውን ችለው መዋል ቻሉ፤ ምልክቱ ካልታየባቸው 14 በመቶው። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚም በ2018 መመሪያው ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 28 ቀናት ውስጥ ሐኪሞች ተስፋ የለም ከሚል አነጋገር እንዲቆጠቡ አዟል። በ28 ቀንና በሦስት ቀን መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ይለካው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቶቹ። በ1976 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምላሽ አልባ የነበረችው የካረን አን ኩዊንላን መተንፈሻ እንዲነቀል ፈቀደ፤ ተነቀለ፤ እሷ ግን በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ቆየች። በእንግሊዝ በሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የተጎዳው የቶኒ ብላንድ ምግብ እንዲቋረጥ በ1993 የጌቶች ምክር ቤት ሲፈቅድ፣ ዋናው ምክንያት ምንም ስለማያውቅ ከመኖር የሚያገኘው ጥቅም የለም የሚል ነበር። የኦወን ምርመራ የነቀነቀው ይህን መሠረት ነው። በ2011 አነስተኛ ንቃት ላላት አንዲት ሴት ቤተሰቧ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያቀርብ የእንግሊዝ ዳኛ አልፈቀደም፤ የምትደሰትባቸው ጊዜያት መኖራቸው ሚዛን ደፍቷል። በ2018 ደግሞ የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐኪምና ቤተሰብ ከተስማሙ ጉዳዩ ወደ ችሎት መምጣት እንደማያስፈልገው ወሰነ። የእስራኤል የ2005 ሕግ ሌላ መንገድ ሄዷል፦ ያልተጀመረን ሕክምና አለመጀመር ይፈቀዳል፣ ሳይቋረጥ የሚሠራን መሣሪያ ማቆም ግን አይፈቀድም።

ፍርድ ቤቶቹ ንቃት ካለ ይኑር፣ ከሌለ ይሂድ የሚሉ ይመስላሉ። ፈላስፎቹ ጋይ ካሃኔና ጁልያን ሳቩሌስኩ በ2009 ይህን ገለበጡት። ምንም የማያውቅ ሰው አይሠቃይም፤ እያወቀ፣ መናገርም መንቀሳቀስም ሳይችል ለዓመታት መተኛት ግን ከባድ ሥቃይ ሊሆን ስለሚችል፣ ንቃት መገኘቱ እንዲያውም ሕክምናውን ለማቆም ምክንያት ሊሆን ይችላል አሉ። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሥቃዩን የሚገምተው ጤነኛው ነው። አእምሯቸው ንጹሕ ሆኖ ዓይናቸውን ብቻ ማንቀሳቀስ የሚችሉ ሰዎች በፈረንሳይ ሲጠየቁ፣ በ2011 በወጣው ውጤት መጠይቁን ከሞሉት 65 ሰዎች 47ቱ ደስተኞች ነን አሉ፤ 18ቱ አይደለንም አሉ። መልስ ለመስጠት የበረቱት ብቻ ስለሆኑ ለሁሉም አይናገሩም። ሆኖም ከውጭ ሆኖ «እኔ ብሆን ሞቴን እመርጥ ነበር» ማለት ደካማ ማስረጃ መሆኑን ለማሳየት ይበቃል።

ታዲያ ራሱን በሽተኛውን «መኖር ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅስ? አሁን ባለው መሣሪያ ይህን መጠየቅ ጭካኔ ይመስለኛል። «አዎ» እና «አይ» ብቻ ያለው ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ጊዜ ስጡኝ አይልም፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ለማለት ቀጣዩን ቀጠሮ መጠበቅ አለበት። ቀላል ጥያቄ መጠየቅ እየተቻለ፣ ከሁሉ የከበደውን ማስቀደም ለምን? ያምሃል፤ ይበርድሃል፤ ሙዚቃው ይቀጥል፤ እናትህ ትግባ። እነዚህን የመለሰ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ ሊደርስ ይችላል።

የተረሳ ዕዳ የምለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሐኪምና የሥነ ምግባር ምሁር ጆሴፍ ፊንስ ለዓመታት የጻፈበት ነገር አለ፦ አእምሮው የነቃ ሰው ከሰው ተነጥሎ በአረጋውያን መጦሪያ ጥግ ሲጣል፣ የተጣሰው የዜግነት መብቱ ነው። ኢንሹራንስ ማገገሚያ ሕክምናን የሚከፍለው «ለውጥ አሳይቷል» ሲባል ነው፤ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ደግሞ ለውጡን የሚያሳይበት አካል የለውም። በ2012 በ184 በሽተኞች ላይ የተሞከረው አማንታዲን የተባለ ርካሽ መድኃኒት ማገገምን ሲያፋጥን ታይቷል። ሕመም ማስታገሻ፣ የፊዚዮቴራፒ ክትትል፣ መነጽር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ዕለት ዕለት የሚያናግር ሰው፤ ይህን ሁሉ ለመስጠት የንቃት ማረጋገጫ መጠበቅ አያስፈልግም። ቢሳሳቱ የሚከሥሩት ጥቂት ነው። የሚሰማን ሰው እንደማይሰማ መያዝ ግን ኪሣራው ሊመለስ አይችልም። በእኛ ቤት በሽተኛ ራስጌ ክፉ ወሬ አይወራም የሚለው ወግ እዚህ ላይ ከብዙ መመሪያ ይቀድማል።

ውጤቱን ለቤተሰብ መንገርም ያከራክራል። ምርምር ነው፣ ገና አልተረጋገጠም፣ ባዶ ተስፋ ይሰጣል ብለው የሚደብቁ አሉ። መርዶ የሚነገርበት ሰዓትና ሽማግሌ አለው፤ «ይሰማ ይሆናል፣ ሊነግራችሁ ግን አይችልም» ለሚለው ዜና ግን ወግ አልተሠራለትም። መደበቁን አልደግፍም። ቤተሰቡ ማወቅ ያለበት ግን ሳይፈተን በፊት ነው፤ ምን ቢገኝ ምን እንደሚደረግ፣ ምንም ባይገኝ ምን ማለት እንዳልሆነ፣ ተቀምጦ ሊነገረው ይገባል።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች በተለይ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። እነዚህ ምርመራዎች በአብዛኛው በቋንቋ የሚሠሩ ናቸው። ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት ወይም አሽዶድ በስትሮክ የወደቁ እናት «እጅዎን ይጨብጡ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢሰሙና ባይጨብጡ፣ ያልነቁት እሳቸው ናቸው ወይስ ምርመራው? በኋለኛ ዘመን የተማሩት ቋንቋ በአንጎል ጉዳት ጊዜ ከአፍ መፍቻው ቀድሞ ሊጠፋም ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ለንቃት ምርመራም ይጠይቁ። ቴኒሱም ሌላ ጣጣ ነው። ራኬት ጨብጠው የማያውቁትን ሴት ቴኒስ ሲጫወቱ ያስቡ ከማለት ቡና ሲወቅጡ ያስቡ ማለት ይሻል ነበር፤ በኒው ዮርክ የተሠራ አንድ ጥናት ዋናን ተጠቅሟልና ቴኒስ የግድ አይደለም።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ውስጥ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ጥቂት በሆነበት አገር መሣሪያው ይነቀል ከሚለው ይልቅ መሣሪያው የት ይገኛል የሚለው ይቀድማል፤ ብዙዎቹም ዓይናቸው እንደተገለጠ ወደ ቤት ይወሰዳሉ። ሌት ተቀን አጠገባቸው ያለው አስታማሚ ነው፤ ንቃት የሚመጣበትን ሰዓት ከማንም በላይ የማየት ዕድል ያለውም እሱ ነው። የሊዬዥ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳዩት፣ ሰውን ወይም ዕቃን በዓይናቸው የማይከተሉ አንዳንድ በሽተኞች መስተዋት ፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ የራሳቸውን ፊት ይከተላሉ። በ2021 የወጣ አንድ አጭር መለኪያም ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራል። አንድ የእጅ መስተዋት፣ በአማርኛ የተነገረ ግልጽ ትእዛዝ፣ ሰዓቱንና የታየውን የሚመዘግብ ደብተር፣ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያየ ሰዓት፤ ከዚያም ደብተሩን አንብቦ የሚፈትሽ ሐኪም። የመጨረሻው ነው የሚያስቸግረው።